የማሽላ ብቅል ኮሶዬ ላይ

የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኮሶዬ ውስጥ ለብቅል የተዘፈዘፈ አንድ ቁና ቀይ ማሽላ ሻግቶ ተገኘ።

ሰዓቱን የነገረችኝ የእህሉ ባለቤት የሺ ናት። ሻጋታውን እኔ ራሴ ያየሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። የተሸፈነበት ቅጠል ሲገለጥ እህሉ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር አውጥቶ ነበር። አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ነጥብ የምታህል ሥር ብቅ አድርጎ ቆሟል። የቀረው በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ሽታው የከረመ እርጥብ ጆንያ ሽታ ነው። እንዲህ ያለ እህል ጠላ መሆኑ ቀርቶ ለዶሮም አይሰጥም።

የሺ ማሽላውን በገብስ ፋንታ ለማብቀል የሞከረችው ሬዲዮ ሰምታ ነው። ዘገባውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የግብርና ዘጋቢ ሆኜ ስሠራ ኖሬ ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጣሁ። ባልደረቦቼ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው ሲሉኝ በመጀመሪያ የታየኝ ይህ እህል ነው። ሌላውን የምናገረው ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ነው።

ቢሯችን አራዳ ነበር፤ ከታች የጨርቅ ሱቅ፣ ከላይ እኛ። በየወረዳው እየተመደብሁም ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ አይከል፣ ቀጥሎ ደባርቅ፣ ከዚያ ተመልሼ ከተማ። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሳል፤ አንዳንዴ አያደርስም። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንደኛው ዘገባን በደቂቃ ይለካ ነበር፤ ይዘቱ ምንም ይሁን፣ ከተፈቀደው ካለፈ ከጫፉ ይቆርጠዋል። ሌላው ስብሰባ ይወድ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ግን አዘጋጃችን አያ ታረቀኝ ነው።

አያ ታረቀኝ ጽሑፍ የሚያነበው ቆሞ ነው። ኮቱን አያወልቅም፤ ሊሄድ የተነሣ ሰው ይመስላል። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ "ይባላል" የሚል ቃል ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ይቆማል። ከዚያ ቀና ብሎ ያያችኋል። "ማን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ስሙን ብትነግሩት "አንቺስ የት ነበርሽ?" ይላል። እዚያው ነበርሁ ካላችሁ ደግሞ "ምን ምን ሸተተሽ?" ይላችኋል። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ወስጄው ነበር። ቀልድ አልነበረም። ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ሌላውን ሁሉ ከሰው ሊሰማ ይችላል፤ ሽታውን ግን ማንም አይነግረውም።

ይህን የተማርሁት በአንድ ድልድይ ነው። አይከል ተመድቤ ሳለሁ ክረምት ላይ ከቀበሌ ተደውሎ ድልድይ በጎርፍ ተወሰደ ተባለ። ጻፍሁና ላክሁ። አያ ታረቀኝ በስልክ "ከወንዙ ከየትኛው በኩል ቆመሽ ነው ያየሽው?" አለኝ።

"ከቢሮ" አልሁት።

"ቢሮሽ ከወንዙ ከየት በኩል ነው?"

በማግስቱ በጭቃ ሄድሁ። ድልድዩ እንዳለ አለ፤ ወንዙ ሞልቶ በላዩ ላይ ይሄድ ነበር። ውሃው ሲጎድል ሰው ተሻገረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። በዚህ ላይ ማንም ወቅሶኝ አያውቅም፤ የኮሶዬው እህል ከባድ የሆነብኝም ስለዚህ ነው። በዘገባው ውስጥ ያላየሁት አንድም ነገር አልነበረበትም።

ነገሩ የተጀመረው በበረዶ ነው። ካቻምና የመኸሩን ገብስ ደጋው ላይ፣ ኮሶዬና አካባቢው፣ በረዶ መታው። የተረፈው ለዘር ተቀመጠ፤ ዘሩም ግንቦት ላይ መሬት ገባ። ጣቢያችን ላይ እየደወሉ ሴቶች የሚጠይቁን አንድ ነገር ነበር፦ ገብስ ከሌለ ጥቁር ጠላ በምን ይጠመቃል? ደገኛ ጠላን ያለ ገብስ አያውቀውም። ብቅሉም ገብስ፣ ቂጣውም ገብስ፣ ተቆልቶ የሚጨመረው አሻሮም ገብስ ነው።

አይከል ስኖር የማውቃት አንዲት ጠማቂ አለች፤ እትዬ ዳሳሽ። እሷ ገብስ አትነካም። ሁሉንም ከቀይ ማሽላ ነው የምትሠራው፤ ጠላዋም ከገብሱ ጠላ ይልቅ ይጠቁራል። ሄጄ አብሬያት ሰነበትሁ። ከመዘፍዘፉ እስከ ማጥለሉ አየሁ፤ እየጠየቅሁም ድምፅዋን ቀዳሁ።

እሷ እንዳስረዳችኝ ጠላ ውስጥ እህል ሦስት ሥራ አለው። አሻሮው መልኩንና ምሬቱን ይሰጣል። ቂጣው ገላ ይሆነዋል። ብቅሉ ደግሞ ሁለቱን ሰብሮ ያጣፍጣቸዋል፤ ጌሾውም የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በአሻሮ ቦታ እህል መተካት ቀላል ነው፤ የተቆላ እህል የተቆላ ነው። በቂጣውም ቦታ እንደዚሁ።

"ብቅሉ ላይ ነው እንጂ ሰው የሚታወቅ" አለች እትዬ ዳሳሽ። "ያ የሞተ እህል ነው። ይኸ ነፍስ አለው።"

"እንዴት ይበቅላል?"

"እንዴትማ ይበቅላል! ውሃ ታጠጭዋለሽ፣ ትሸፍኝዋለሽ፣ ትተይዋለሽ። ልጅ አይደል አይታዘል።"

ዘገባው ላይ ያልሁት ይህንኑ ነው። ማሽላው አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠነፈፋል፤ በቅጠል ተሸፍኖ የቤት ጥግ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን ያቆጠቁጣል። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

የሺ የደወለችው በቀጥታ ወደ ጣቢያው ነው። ስልኩን ያነሣው አዲሱ የፕሮግራም ኃላፊያችን ነበር፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ችግር አይወድም። "አንዲት ሴትዮ ሻገተብኝ እያሉ ነው። አይዞዎት ብዬ ልዝጋው?" አለኝ።

"ስልኩን ስጠኝ" አልሁት።

አያ ታረቀኝ አንድ ሕግ ነበረው፤ ዘገባሽ ጎዳኝ የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ በስልክ አይሰጥም። በቀጣዩ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ኮሶዬ ጉም ውስጥ ነበረች። ከመኪናው ስወርድ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት አይታየኝም፤ የሽሮውን ሽታ ተከትዬ መንገድ ጠየቅሁ። የሺ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት። ሰላምታውን ሳትጨርስ ወደ ቅጠሉ መራችኝ። ያየሁትን ከላይ ጽፌዋለሁ።

"በሬዲዮ እንዳልሽው ነው ያደረግሁ፣ እትዬ" አለች። "አንዲት ነገር አልጨመርሁ፣ አንዲት ነገር አላጎደልሁ።"

ባሏ መሪጌታ ሙሉ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ያረፉት በቀደመው ዓመት በሐምሌ ሥላሴ ነው፤ የሙት ዓመቱ ተዝካር የሚውለውም በዚያው በዓል ነው። ቀኑ አይገፋም። ካህናቱ፣ ተማሪዎቻቸው፣ መንደሩ በሙሉ ይመጣል። የመሪጌታ ታላቅ ወንድም አያ ጫኔ ጎተራቸው ውስጥ ገብስ አላቸው፤ መሬታቸው ከገደሉ ወዲያ ስለሆነ በረዶው አልፏቸዋል። ገብሱን እሰጣለሁ ብለዋል፤ ተዝካሩ እሳቸው ቤት ከሆነ።

"ቢሆንስ?" አልኋት።

"ከሆነማ በቃ። ተዝካሩ የተበላበት ቤት ነው የሟች ቤት የሚባል። ከዚያ ወዲያ ተማሪው 'የመሪጌታ ቤት' እያለ የሚሄድ ወደሳቸው ነው፤ ስለ እርሻው የሚጠየቁ እሳቸው ናቸው። እኔ እዚህ የተቀመጥሁ ጥገኛ ነኝ።" "ክፉ ሰው አይደሉም" ስትል ጨመረች። "ይኸ ነው የከፋው። ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።"

አራዳ ገበያ የሚሸጠው የገብስ ብቅል ያን ሰሞን ከአቅሟ በላይ ነበር። የነበራት ወንድሟ ከአይከል የላከላት ማሽላ ነው። ለብቅል የተመደበው ተበላሽቷል፤ ለቂጣና ለአሻሮ የተያዘው ቀርቷል። ከዚያ ላይ ለብቅል ቢነሣ የቂጣውን ጉድለት በቤቷ ባለችው ጥቂት የስንዴ ዱቄት ትሞላዋለች። ዳግመኛ ከሻገተ ግን ብቅልም ቂጣም የለም።

እዚያው ቆሜ ለእትዬ ዳሳሽ ደወልሁ።

"ሻገተ? ምነው?" አለች። "ዘሩ ነቅዞ ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳበቅል አንድ ቀን ሻግቶብኝ አያውቅ።"

"ዘሩማ ከዚያው ከእናንተ አገር የመጣ ነው" አለች የሺ ወደ ስልኩ ጮኻ።

"እንግዲያ ውሃችሁ ነው።"

"ውሃችን ምን ሆነ ልትል ነው? ጠበል የመሰለ ውሃ!"

ሁለቱን አስታርቄ ዘጋሁት። እትዬ ዳሳሽ ምክንያቱን አላወቀችውም። እኔም አላወቅሁትም። ዕቃውን፣ ቅጠሉን፣ የተዘፈዘፈበትን ጊዜ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የት እንዳስቀመጠችው ስጠይቃት "ገብስ የማስቀምጥበት፣ ከጋኑ ጀርባ" አለች። ግድግዳውን በእጄ ነካሁት። ረጥቧል።

አያ ጫኔ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ረጅም ሰው ናቸው፤ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ቀና ሳይሉም ማውራት ጀመሩ።

"እንዴት ዋላችሁ። ሬዲዮዋ መጣች አሉኝ።"

"መጣሁ፣ አያ።"

"ጠላ መጥመቅም ጀመራችሁ?"

"እኛ እናወራለን፤ የሚጠምቀው ሌላ ነው።"

ሳቁ። "እውነተኛ ሰው ነሽ። እንግዲያ እዚያ ጋጣ ውስጥ ያለውን ጠማቂ አናግሪው። የየሺ ጥጃ ከእናንተ ከሁለታችሁ ይሻላል። እሱ አብቅሏል!"

"አያ ጫኔ፣ አሁን ቀልድ የሚያምር ነው?" አለች የሺ።

"ቀልድ አይደለም፤ ሂጂ እይው። ጠዋት ገብቼ ሳስረው አየሁት።"

ከብቶቹ የሚያድሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ በመካከል ያለው አጭር ግድግዳ ብቻ። ገባን። ጥጃው የሚተኛበት ገለባ ውስጥ፣ በግድግዳው ሥር፣ ማሽላ በቅሎ ነበር። ነጫጭ ሥሮቹ ተጠላልፈዋል፤ ቡቃያው የጣት አንጓ ያህላል፤ ሻጋታ የሚባል የለበትም። የሺ እህሉን ስታጠነፍፍ ከወንፊቱ የፈሰሰውን ጠርጋ የጣለችው እዚያ ነው።

ተንበርክኬ እጄን ከገለባው ሥር ከተትሁ። ሞቀኝ።

አንድ ዘር ነው፤ አንድ ውሃ የጠጣ፣ በአንድ ቀን የተዘፈዘፈ። አንዱ ከጋኑ ጀርባ ሻገተ፤ ሌላው ጥጃ ሥር በቀለ። ልዩነቱ ቦታው ብቻ ነበር።

"ብርዱ ነው!" አለች የሺ። "ገብስ ብርድ አይፈራ። ይኸ የቆላ ልጅ ነው፣ በረደው።"

"ይመስለኛል" አልሁ። "ግን ገና አላየሁም።"

"ይኸው ፊትሽ በቅሎ! ሌላ ምን ልታይ ነው?"

እንዲህ ተስማማን። ከከብቶቹ በላይ ቆጥ አለ፤ ትንፋሻቸው የሚያርፍበት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይበርድ ቦታ። የቀረውን ማሽላ ከፍላ፣ ዘፍዝፋ፣ በንጹሕ ቅርጫት ቆጡ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያው እህል አንድ እፍኝ ደግሞ ከጋኑ ጀርባ፣ ከድሮው ቦታ።

"ለሬዲዮአችሁ ስል አንድ እፍኝ እህል ላሻግት?"

"ለሬዲዮአችን ስትይ።"

"ጉድ ነው፣ እቴ" አለች፤ ግን እሺ አለች።

አያ ጫኔ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሳቃቸው ቆሟል። "የሺ፣ እኔ ወንድሜን በአደባባይ ማሳፈር አልሻም" አሉ። "ሰኔ ሳይወጣ ቁርጥሽን ንገሪኝ። ገብስም እኮ እስኪበቅል ቀን ይፈልጋል።"

ያን ዕለት ማምሻውን አያ ታረቀኝ ቤት ሄድሁ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ዓይኑ ደክሟል። የማሽላውን ዘገባ ጽሑፍ እኔው አነበብሁለት፤ እሱ ቆሞ ሰማ።

"ውሸት አለበት?" አለኝ።

"የለበትም።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"አይከል ሞቃት መሆኑ። ማንም አላለውም። እትዬ ዳሳሽም አላለችው፤ ለእሷ ሙቀቱ ሙቀት አይደለም፣ አየር ነው።"

"አንቺስ? ከዚህ ስትሄጂ ጋቢ ለብሰሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እዚያ ስትደርሺ የት አደረግሽው?"

አሰብሁ። "አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።"

"እንግዲያ ዐውቀሽዋል" አለ። "አልጻፍሽውም እንጂ።" ከዚያ ሻይ ተፈላ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

በማግስቱ ለኃላፊዬ እርማት እንደሚነበብ ነገርሁት። ፊቱ ጨለመ። "በመጨረሻ ሰሞንዎ ምን አስቸኮለዎት? ዘገባው ትክክል ነው ብለውኛል እኮ።"

"አይከል ላይ ትክክል ነው። ሬዲዮው ግን ኮሶዬም ይሰማል።"

"እሺ፣ እንግዲያ ዛሬ አንብበው ይገላገሉ።"

"ዛሬ አይሆንም። እህሉ እስኪበቅል እጠብቃለሁ።"

ከሳምንት በኋላ ተመለስሁ። ዝናብ ነበር። ቤቱ ውስጥ ስገባ የሺ የለችም፤ ድምፅዋ ከላይ መጣ።

"እትዬ! ከላይ ነኝ፣ ወደ ቆጡ ውጪ!"

መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። ቆጡ ላይ ተንበርክካ ቅርጫቱን ገልጣለች። ማሽላው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅሏል፤ ሥሩ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ በአንድነት ይነሣል። አንድ ፍሬ አኘክሁ። ጣፈጠኝ። ከጋኑ ጀርባ የነበረውን እፍኝ ወርጄ አወጣሁ፤ ግማሹ እንደ ጠጠር ደርቆ ቀርቷል፣ ግማሹ ነጭ ጸጉር አውጥቷል።

"አሁንስ አየሽ?" አለችኝ።

"አሁን አየሁ።"

አያ ጫኔን ያስጠራቻቸው እኔ ባለሁበት ነው። መጥተው ከቆጡ ሥር ቆሙ። እሷ ከላይ ሆና አንድ እፍኝ ብቅል ጋቢያቸው ላይ አወረደችላቸው።

"አያ ጫኔ፣ ገብስዎን ለዘር ያኑሩት" አለቻቸው።

አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ። "መብቀሉን በቅሏል" አሉ። "ጠላ መሆኑን ሲሆን እናያለን።" ወጥተው ሄዱ።

እርማቱን ያነበብሁት ዘገባው በተላለፈበት ሰዓት ነው፤ አያ ታረቀኝ ስሕተትን የሰማ ጆሮ እርማቱንም ይስማ ይል ነበር። እንዲህ ይላል፦ "ማሽላን ለጠላ ስለማብቀል ያቀረብነው ዘገባ የተሠራው በሞቃት አገር ነው፤ ይህን አልተናገርንም። በደጋ ቤት ጥግ የተቀመጠ ማሽላ ይሻግታል። ኮሶዬ ላይ ከከብቶች በላይ ባለ ቆጥ ላይ ሲቀመጥ በቅሏል። ሁለቱንም አይተናል።" ከዚያ የገበያ ዋጋ አነበብሁ። የመጨረሻ ፕሮግራሜ ነበር። በሳምንቱ የቢሮውን ቁልፍ አስረክቤ ፈረምሁ።

ሥራ ስለሌለኝ የቀረውን የጠላ ሥራ የሺ ዘንድ እየሄድሁ አየሁ። ክረምት ነውና ብቅሉ ፀሐይ አላገኘም፤ ከምድጃው በላይ ተሰጥቶ በጭስ ደረቀ። በዚያ ላይ ማሽላ ሲቆላ ገብስ የማያውቀው ጠባይ አለው፤ አሻሮውን ስትቆላ መፈንዳት ጀመረ፣ ፍሬው ከምጣዱ እየዘለለ ቤቱን ሞላው።

"ይኸ ምን ጉድ ነው! ሠርግ መሰለው እንዴ?" አለች እየሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ውሃ እያርከፈከፈች፣ እሳቱን ቀንሳ፣ አንዴ እየከደነች አንዴ እያማሰለች አበሰለችው። መልኩ ጥቁር እስኪሆን ታገሠች፤ ካለፈ ይከስላል፣ ከከሰለ ጠላው ጉሮሮ ይይዛል። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ አጠነችው። ብቅሉን ከጌሾው ጋር ጠነሰሰች፤ ሲነሣ ቂጣውንና አሻሮውን ጨምራ ደፈደፈች። ሌላ ችግርም መጣ። ገብስ ገለባ አለው፤ ድፍድፉ ሲጠለል ገለባው ራሱ ውሃውን ያሳልፋል። ማሽላ ገለባ ስለሌለው በትንሹ ስታጠልለው እንደ አጥሚት ወፍሮ ማጥለያውን ደፈነው። የጌሾ እንጨት ጨምራ፣ ውሃ አክላ፣ እንዲዘቅጥ ዝም ብላ ተወችው። እጇን አጣጥፋ ከጋኑ ፊት ተቀምጣ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቀኑ ደርሷል፣ መነካካት ያበላሻል፣ ሌላ የምትሠራው አልነበራትም።

በሐምሌ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ሰው መጣ። ካህናቱ ውስጥ ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ዳሱ ሥር። አያ ጫኔ በሩ አጠገብ፣ አንድ እግራቸው ከውስጥ አንድ እግራቸው ከውጭ በሆነ ቦታ ተቀመጡ። እኔን ጎናቸው አስቀመጡኝ። የሺ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለደብሩ አለቃ በሁለት እጇ ሰጠች። እሷ መጀመሪያ ቀምሳለች።

አለቃው ጠጡ። ዋንጫውን ዝቅ አድርገው አዩት። "ይኸ የእኛ አገር ነው?" አሉ።

"የእኛው ነው፣ አባ። እህሉ የአይከል ነው።"

"ይጠቁራል።"

"ይጠቁራል፣ አባ።"

መልሰው ጠጡና ጨረሱት። ከዚያ ለሁሉም ተቀዳ።

አያ ጫኔ ዋንጫቸውን ይዘው ቆዩ። አንድ ጊዜ ተጎንጭተው በአፋቸው አዙረው ዋጡ።

"ወፍራም ነው" አሉኝ በዝግታ።

"ወፍራም ነው፣ አያ።"

"ገብስ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ሸጋ ነው ግን" አሉና አስቀዱ። ትንሽ ቆይተው ውጭ የነበረውን እግራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

ከተበላና ከተጠጣ በኋላ አለቃው ተነሡ። ለመሪጌታ ሙሉ ነፍስ ጸለዩ። ከዚያ ምርቃቱን ሲጀምሩ "የዚህን ቤት እመቤት የሺን፣ ጎተራዋን አያጉድልባት፣ ደጇን አይዝጋባት" አሉ።

አያ ጫኔ አጠገቤ ነበሩ። "አሜን" ሲሉ ሰምቻለሁ።